ሽንኩርት የማይስማማው እንግዳ

ጋራዥ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «እትዬ ፍሬን» ነው የሚሏት። አውቶቡሱን ስታቆም፣ ብረት ሳይጨብጥ የቆመ ሰው እንኳ ሳይንገዳገድ ወሬውን ይቀጥላል። ልጅ ያዘለችም፣ እንቁላል የተሸከመችም የእሷን አውቶቡስ ጠብቀው ይሳፈራሉ። መሪ ላይ እንዲህ የረጋች ሴት፣ ከተሳፋሪ ስድብ፣ ከመንገድ ግርግር፣ ከአለቆች ኩርፊያ ጋር ሳትጣላ የኖረች ሴት፣ አንድ ሰው ብቻ ደሟን ያፈላው ነበር። እሱም የባሏ ታላቅ ወንድም ነው።

ሰውየው ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ቀጥ ያለ ረጅም ሰው፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። አባታቸው ቀድሞ ስለ ሞተ ታናሽ ወንድሙን ያሳደገውም፣ ያስተማረውም፣ ማተሚያ ቤት ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። ባሏ ይህን ውለታ አንድም ቀን ረስቶት አያውቅም። ወንድሜ ባይኖር ኖሮ ጎዳና ላይ ነበርኩ ይላል፤ ይህን ሲል ድምፁ ይሰበራል። እሷም ብትሆን ታከብረዋለች። «ጋሼ» ብላ ነው የምትጠራው፣ ሲገባ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፣ ትራሱን አስተካክላ ጥሩውን ወንበር ትሰጠዋለች። ጣጣው የሚመጣው ምግብ ሲቀርብ ነው።

ሳህኑ ፊቱ ሲደርስ መጀመሪያ ዝም ብሎ ያየዋል። ቀጥሎ በሹካው ጫፍ አንዱን ቁራሽ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ምን እንዳለ ይመረምራል፤ የጠፋ ቁልፍ የሚፈልግ ነው የሚመስለው። ከዚያ አፍንጫውን ትንሽ ነፋ አድርጎ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል። ካሮት ነው ይሉታል። «ይሄስ?» እሱም ካሮት ነው። ካሮቱን አንድ በአንድ እየለቀመ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ይደረድራል። ልጆቿ ገና ሕፃናት ሳሉ «አጎቴ ይሄምንድነው» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ አባታቸው አንድ ቀን ሰምቶ ከተቆጣ በኋላም በሹክሹክታ ቀጠሉበት።

ሕጉን ያመጣው ባሏ ነው። ገና እንደ ተጋቡ፣ ወንድምየው መጀመሪያ ቤታቸው ምሳ የተጋበዘ ዕለት፣ ሳህኑን ሳይነካ ተነስቶ ሄደ። እሷ ክው አለች። ምን አጠፋሁ ብላ ብትጠይቅ ባሏ፣ «ሽንኩርት አይስማማውም፤ ጨጓራው ነው» አላት። እሷም አመነች፣ አዘነችለትም። ከዚያ ወዲያ እሱ በመጣ ቁጥር ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ትልቁ ለሰው ሁሉ፣ ትንሹ ለጋሼ። ሕጉም እያደር እየበዛ ሄደ። ከሽንኩርት ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት ቀረ። ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያ ቃሪያ፣ ከዚያ የዶሮ ቆዳ። ዘይት ይቀነስ ተባለ፤ ሩዙ አይጣበቅ ተባለ። አንድ ጊዜ ባሏ፣ የሽንኩርት ሽታ ቢላዋ ላይ ይቀራል ስላላት፣ ለሰውየው ብቻ የሚሆን ቢላዋና መክተፊያ ገዝታ ከቁም ሳጥኑ በላይ አስቀመጠች። ልጆቹ እንዲነኩት አይፈቀድም ነበር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ሰውየው አንድ ቀን ሳህኑን ጨርሶ አያውቅም። ሁለት ሦስት ጊዜ ጎርሶ፣ ሳህኑን በጣቱ ጫፍ ገፋ አድርጎ፣ «ይበቃኛል፣ አመሰግናለሁ» ይላል። እሷ በረፍት ቀኗ፣ ሳምንቱን ሙሉ መሪ ስታሽከረክር የዋለ ትከሻዋ እየጠዘጠዛት፣ ከትንሹ ድስት የተረፈውን ስትቀምሰው የልብስ እጣቢ ይመስላል። አትፈርድበትም ነበር። ሽንኩርት የሌለው፣ ዘይት የሌለው፣ ቅመም የሌለው ምግብ እንዴት ይጥማል? ጥፋቱን ወደ ራሷ ታዞረዋለች፤ ሌላ ሴት ብትሆን አንድ ዘዴ አታጣለትም ነበር ትላለች። አንዳንዴ ግን ቆሽቷ ያርርና ድስቱን ስትፈትግ ከድስቱ ጋር ትጣላለች።

እንዲህ እያለ ዓመታት ነጎዱ። ልጆቿ አደጉ፤ ሴቷ ነርስ ሆነች፣ ወንዱ ኮሌጅ ገባ። እሷም አንድ ቀን ከስምሪት ክፍል ተጠርታ የአዳዲስ ሹፌሮች አሰልጣኝ እንድትሆን መመረጧ ተነገራት። በዚያ መሥሪያ ቤት ለዚህ ቦታ ሴት ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ናት። መካኒኮቹ ከመኪና ሥር እየወጡ በግሪስ እጃቸው አጨበጨቡላት፤ አብራት ለረጅም ጊዜ የሠራችው ትኬት ቆራጭ እንባዋ እየወረደ አቀፈቻት፤ ሁሉም አብዪን፣ ጋብዢን አሉ። እሑድ ቤቴ ምሳ ኑ አለች። በሕይወቷ ለራሷ ድግስ ደግሳ አታውቅም። ለልጆች ልደት፣ ለባሏ እድገት፣ ለጋሼ አዲስ መድኃኒት ቤት መከፈት፣ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ነበር።

ማታ ለባሏ ነገረችው። ደስ አለው፤ ብድግ ብሎ አቀፋት፣ ኮርቼብሻለሁ አላት። ክንዱ ገና ከትከሻዋ ሳይወርድ ግን፣ «ለጋሼ ምን እንሠራለታለን?» አለ።

 ያቺ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ አደረች።

ሐሙስ ዕለት ቀትር ላይ፣ መሀል ከተማ መንገድ ተቆፍሮ ስለ ነበር መኪናው ሁሉ እንደ ኤሊ ይሳባል። እትዬ ፍሬን መብራት ይዟት ቆመች። የቆመችበት ቦታ ከአንድ ምግብ ቤት አጠገብ ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ውጭ፣ ጥላ ሥር ተደርድረዋል፣ እሷ ከፍ ብላ ከሹፌር ወንበር ስታይ እጇን ብትዘረጋ የምትነካቸው ያህል ቅርብ ናቸው። ዓይኗን ዝም ብላ ስታንከራትት አንድ የተተኮሰ ሸሚዝ አየች።

ጋሼ ነው። ናፕኪን አንገቱ ላይ ሸጉጦ፣ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ተቀምጧል። አስተናጋጁ ምን ልታዘዝ እንኳ ሳይለው፣ እንደሚያውቁት ደንበኛ፣ ገና የሚንጣጣ መጥበሻ ፊቱ አስቀመጠለት። ሥጋ ነው፤ ከሥጋው በላይ ግን ሽንኩርት ነው፤ እንደ ቀለበት የተቆረጠ፣ ጠርዝ ጠርዙ የጠቆረ ሽንኩርት ተከምሮበታል። ጎኑ ላይ ቃሪያ አለ። በሌላ ሳህን ቲማቲም ከጥሬ ሽንኩርት ጋር ቀርቦለታል። ሰውየው አላሸተተም፣ አልመረመረም፣ ይሄ ምንድን ነው አላለም። አቀርቅሮ ይበላል። ጉንጩ ይሞላል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ቃሪያው ሲያቃጥለው እፍ ይላል፣ ደግሞ ይጎርሳል። መጨረሻ ላይ መጥበሻውን በዳቦ ዙሪያውን ጠርጎ ያንን ዳቦ ጎረሰው፤ ጣቱንም ላሰ።

መንገዱ በቁፋሮው ተጨናንቆ መብራቱ ብዙ ጊዜ በርቶ ጠፍቷል፤ አሁን ግን ከፊቷ ያለው መኪና ሄዶ አረንጓዴው ከበራ ቆይቷል። ከኋላ ክላክሱ ይጮሃል፤ ትኬት ቆራጯ፣ «እትዬ፣ ሂጂ እንጂ» ትላለች። እትዬ ፍሬን ምንም አይሰማትም። የቁም ሳጥኑ ላይ ያለው ቢላዋ ነው የሚታያት። የረፍት ቀኖቿ ናቸው የሚታዩዋት። በኋላ በሐሳብ ተውጣ ስትነዳ ከሚቀጥለው መስቀለኛ መንገድ ደረሰችና ፍሬኑን ረገጠች፤ ያን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ የቆመው ሁሉ እርስ በርሱ ተላተመ፣ የአንዲት ሴት ብርቱካን እስከ ሹፌሩ መቀመጫ ድረስ ተንከባለለ። በስንት ዓመቷ ይቅርታ ጠየቀች።

ቤት ስትገባ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር፤ ግን ራሷን ገታ አድርጋ ዝቅ ባለ ድምፅ ጀመረች። ጋሼን ዛሬ ምሳ ሲበላ አየሁት አለችው። ያየችውን ሁሉ፣ መጥበሻውን፣ ቀለበት ቀለበት ሽንኩርቱን፣ ዳቦውን፣ አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ባሏ ይደነግጣል ብላ ነበር። እሱ ግን መሳቢያ ከፍቶ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረ፤ ምን እንደሚፈልግ ራሱም የሚያውቅ አይመስልም።

«ሰው ተመሳስሎብሽ ይሆናል» አለ ጀርባውን እንደ ሰጣት።

ንዴቷ ያኔ ባሰበት። ይህን ሁሉ ዓመት ሳህን ያቀረበችለትን ሰው ከሌላ ሰው ጋር ታምታታዋለች ማለት ነው? እሑድ ድስቱ አንድ ነው አለችው። የፈለገ ይብላ፣ ያልፈለገ ጦሙን ይመለስ። ባሏ ተለማመጣት። ሰው ፊት ታሳፍሪኛለሽ፣ ጋሼ ሽማግሌ ሆኗል፣ አንድ ቀን ነው፣ ምን አለበት ትንሽ ዶሮ ብትቀቅዪለት አለ። አባታቸው ሲሞት ጋሼ ትምህርቱን አቋርጦ እንዴት እንዳሳደገው ደግሞ ነገራት። ታውቀዋለች፤ በቃሏ ትደግመዋለች። አንድ ድስት አለች፣ ተነስታም ወጣች።

እሑድ ጠዋት ሴት ልጇ አብራት ወጥ ቤት ገባች። ሽንኩርቱን እትዬ ፍሬን ራሷ ናት የከተፈችው፤ ከሚያስፈልገውም በላይ ከተፈች፤ ልጇ፣ እማ ይብቃ እንጂ ጎረቤት ሁሉ ሊያለቅስ ነው አለቻት። ዶሮው በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ተሠራ፣ ድንቹ ተጠበሰ፣ ሩዙ በካሮትና በአተር ደምቆ ወጣ፣ ጎመኑ ተከተፈ። ወንዱ ልጅ ከጎረቤት ወንበር ተበድሮ አመጣ። የቤቱ ሽታ ከደረጃው ሥር ጀምሮ ይጠራ ነበር። እሷም ቀስ በቀስ ልቧ ለስለስ ማለት ጀመረች፤ ዛሬ የኔ ቀን ነው፣ በማንም አላበላሸውም አለች ለራሷ።

ለብርጭቆ ማድረቂያ ፎጣ ልታነሳ ወደ በረንዳው ብቅ አለች። ፎጣው አንድ ነገር ላይ ተጠቅልሏል። ስትገልጠው ትንሹ ድስት ነው። ክዳኑን ከፈተችው፤ የዶሮ ፈረሰኛ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ምንም፣ በውሃ ብቻ ተቀቅሎ ነጭ ብሎ ተኝቷል። ባሏ ሰው ሳይነሳ በጠዋት ተነስቶ በድብቅ ቀቅሎታል። ከጎኑ ከቁም ሳጥን የወረደው ቢላዋ ታጥቦ ተቀምጧል።

ደሟ ሽቅብ ወጣ።  ድስቱን ከበረንዳው ወደ ታች ልትለቀው አንጠልጥላ ያዘችው፤ ከሥር የጎረቤት ልጆች ሲጫወቱ ስላየች ብቻ ተወችው። መልሳ ከደነችው፣ ፎጣውን እንደ ነበረ ጠቀለለችው፣ ወደ ወጥ ቤት ተመልሳ ምንም እንዳላየች ሆነች። ልጇ ፊቷን አይታ ምን ሆንሽ ብላ ጠየቀቻት። ሽንኩርቱ ነው አለቻት።

እንግዶቹ መጡ። ትኬት ቆራጯ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ይዛ መጣች። መካኒኩ፣ ጥፍሩን በብሩሽ ፈትጎም ጥቁሩ ያልለቀቀው ወፍራም ሰው፣ በሩ ላይ ሆኖ ሽታውን ሳበና ዛሬ ተሸክማችሁ ነው የምታወጡኝ አለ። ጋሼ መጨረሻ ላይ ኬክ ይዞ ደረሰ። ሙሉ ልብስ ለብሷል። እጇን ጨብጦ፣ በርቺ፣ ትልቅ ነገር ነው አላት፤ አነጋገሩ ከልቡ ነበር። እሷም ጥሩውን ወንበር ሰጠችው። ልማድ ሆኖባት ነው።

ሁሉም ሳህኑን ሞላ። መካኒኩ ገና ሳይቀመጥ መጉረስ ጀምሯል። ጋሼ ሳህኑን አየት አደረገ። ሹካውን አነሳ። አንዱን የዶሮ ብልት ከፍ አድርጎ ከሥሩ ተመለከተ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው፣ ጋሼ» አለች እትዬ ፍሬን። «ሽንኩርት አለው። ነጭ ሽንኩርት አለው። ቲማቲምም፣ ቃሪያም አለው። ቆዳውም አልተገፈፈም።»

ሰውየው አፉን ሳይከፍት ባሏ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። ወደ በረንዳው ሮጠ፤ ትንሹን ድስት ይዞ ተመለሰ፤ እየተርበተበተ በሌላ ሳህን ለወንድሙ ገለበጠለት። ለጋሼ ለብቻ ተሠርቷል፣ ለጋሼ አስበንበታል ይላል። ጋሼ ያንን ነጭ ሥጋ አየና ትከሻው ዝቅ አለ። በሹካው ነካ አደረገው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» አለ።

መካኒኩ ሳቅ አመለጠው፤ ትኬት ቆራጯ በክርኗ ጎሰመችው። እትዬ ፍሬን ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ምሳ የት ነበሩ?»

ሰውየው አልገባውም። እሷ ቀጠለች። የት እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ቀረበለት፣ ሽንኩርቱ እንዴት እንደ ተቆረጠ፣ መጥበሻውን በምን እንደ ጠረገ ነገረችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ መንገድ ለጠፋው ተሳፋሪ አቅጣጫ እንደምትነግር ሁሉ አንድ በአንድ ነው የተናገረችው።  ባሏ ቁራሽ ዳቦ ይዞ በጣቱ ያድቦለቡላል።

ጋሼ ያፍራል ብላ ጠብቃ ነበር። አላፈረም። ግራ ተጋብቶ ፊቷን አያት።

«ታዲያ ሽንኩርት ብበላ ምን ይደንቃል?»

«ሽንኩርት አይስማማዎትማ!»

«ማን ነው ያለው?»

የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ ባሏ ዞረ።

ጋሼ ሹካውን ሳህኑ ላይ አጋደመው። እኔ በሕይወቴ ሽንኩርት አይስማማኝም ብዬ አላውቅም አለ። እዚህ ቤት ስመጣ ነው የበሽተኛ ምግብ የሚቀርብልኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ፣ አዲስ ሙሽራ ናት፣ ምግብ አልለመደችም ብዬ ዝም አልኩ። ወንድሜን ብጠይቀው፣ እሷ እንዲህ ነው የምትሠራው፣ ከተናገርካት ትሰበራለች አለኝ። በኋላ ሌላው ሰው ቀይ ወጥ ሲበላ ለኔ ብቻ ነጭ ውሃ ሲቀርብ፣ ቂም ይዛብኛለች አልኩ። «ለሱ ስል ነው የቻልኩት» አለ፣ ወንድሙን በአገጩ እያመለከተ። «እየመረጥኩ፣ እየጠየቅኩ፣ ምናልባት ይገባት ይሆናል እያልኩ።»

 እትዬ ፍሬን ወደ ባሏ ዞረች። ለምን አለችው።  ደግማ ጠየቀችው። ጋሼም ንገራት አለው፤ የታላቅነት ድምፁ ነበር፤ ባሏም ጎልማሳነቱ ቀርቶ ልጅ ሆነ። አቀርቅሮ፣ ያቺን ዳቦ እያድቦለቦለ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ ተናገረ።

ያኔ እሷ ገና ጋራዥ ውስጥ ነዳጅ ቀጂ ነበረች። ወንድሙ መጀመሪያ ምሳ የተጋበዘ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ጠራውና፣ ምግቡ ናፍታ ናፍታ ይላል፣ ሚስትህ እጇን አትታጠብም እንዴ አለው። ይህን ለአዲስ ሙሽራው እንዴት ይንገራት? እሷ ምን አጠፋሁ ብላ ስታፈጥበት አፉ ላይ የመጣው ሽንኩርት ነበር። አንዴ ከተናገረው በኋላ መመለሻ አጣ። ነጭ ሽንኩርቱም፣ ቲማቲሙም፣ ቆዳውም፣ ወንድሙ ሳህኑን ሳይጨርስ በተነሳ ቁጥር የጨመራቸው ናቸው። እንዳትጎጂብኝ ብዬ ነው አለ።

«እኔ እንደዚያ ብዬ ነበር?» አለ ጋሼ። ሽቅብ እያየ ለማስታወስ ሞከረ። «አላስታውሰውም። ምናልባት ከሥራ ቀጥታ መጥተሽ ይሆናል።»

የቀረውን ትዕግሥቷን የጨረሰው ይህ ነው። የሷን የስንት ዓመት እሑድ የበላች ቃል ከሰውየው አእምሮ ውስጥ የለችም። ተናግሯት፣ ኮቱን ለብሶ ወጥቶ፣ ረስቷታል።

«ልክ ነዎት፣ ጋሼ» አለች ተነስታ። «ይሸት ነበር። ሳሙናም አይለቀው፣ ሎሚም አይለቀው። ወንድምዎ ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ሥራ ፈትቶ በተቀመጠ ጊዜ የበላው ከዚያው እጅ ነው፤ ልጆቹም ያደጉት ከዚያው እጅ በልተው ነው። ለኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? እፈትገው ነበር። ጓንት አደርግ ነበር። በአንድ ሳሙና የሚያልቅ ነገር ነበር እኮ።»

 እሷ ያንን ነጭ ሥጋ የያዘ ሳህን ከጋሼ ፊት አነሳችና ባሏ ፊት አስቀመጠችው።

«ብላ» አለችው።

ባሏ ቀና ብሎ አያት። የምሯን መሆኑን ሲያይ ሹካ አነሳ። መካኒኩ ጣሪያውን ያያል፤ ልጆቹ ጠረጴዛውን ያያሉ። ባልየው በዝምታ አላመጠ፣ ዋጠ፣ ደግሞ ጎረሰ። ሥጋው ደርቆ ነበርና ሲውጥ ይሰማ ነበር። ሲያቆም ሳህኑን በዓይኗ አሳየችው፤ እንደገና ጎረሰ። እስኪጨርስ አልተቀመጠችም።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እስቲ እኔም ልቅመስ ብሎ ሳህኑን ዘረጋላት። ያን ሁሉ ዓመት ለእሱ ስታቀርብ የኖረች እጇ ግን አልተዘረጋችም። «እጅዎ ይደርሳል፣ ጋሼ፤ ያንሱ» አለችው። ራሱ አነሳ። በላ። ደገመ። ቆዳውንም በላ። ግሩም ነው፣ እውነቱን ነው የምልሽ ግሩም ነው አለ፤ እሷ ደግሞ ምስጋናው እንደ ስድብ ነው የተሰማት። ባይጥመው፣ ቢያስነጥሰው፣ ትን ቢለው ትመርጥ ነበር። ትኬት ቆራጯ ብርጭቆ አንስታ ለአሰልጣኛችን አለች፤ ሁሉም አጨበጨበ። እትዬ ፍሬን ጭብጨባውን ከጎረቤት ቤት እንደሚመጣ ነገር ነው የሰማችው። ድግሷ ነበር፣ ምን እንደ በላች ግን አታውቅም።

ሰው ከሄደ በኋላ ሴት ልጇ ሳህን እያጠበች ልታባብላት ሞከረች። አባ እኮ ክፉ ሰው አይደለም አለቻት።

«ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች እናትየው። «ክፉን ይጣሉታል። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ እየሳቀ፣ ትከሻዬን እያሸ፣ ስንት ዓመት ሁለት ድስት አስጣደኝ።»

በማግስቱ ጋሼ መድኃኒት ቤቱን ትቶ ጋራዡ ድረስ መጣ። አዳዲሶቹ ሹፌሮች ከባዶ አውቶቡስ ላይ ሆነው እያዩ ይቅርታ ጠየቃት። ያልኩትን አላስታውስም፣ ብዬ ይሆናል፣ ይቅር በይኝ አለ። ካላስታወሱት ነገር ምኑን ነው ይቅርታ የሚጠይቁት አለችው።  ከዚያ በላይ ግን አልጨከነችበትም፤ ሲሄድ እስከ በሩ ሸኘችው፣ በሳምንቱም ምሳ ሲመጣ ከአንዱ ድስት አቀረበችለት። የሱ ነገር በዚያው አበቃ። ክፉ ቃል ተናገረ፣ ሰማችው፣ መለሰችለት፣ አለቀ።

የባሏ ነው ያላለቀው። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ ግን ባወራ ቁጥር ዓይኗ አፉ ላይ ነው። የዚህ ሰው ሽንኩርት የትኛው ነው እያለች ታስባለች። ጥሩ ነው ያላት ሁሉ፣ ወድጄዋለሁ ያላት ሁሉ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ፣ ረሳሁት ያላት ሁሉ አጠራጠራት። እናቷ ስትመጣ ደስ ይለኛል ይል የነበረው እውነቱን ነው? በራሷ ቤት ሲያጭበረብራት ስለ ኖረ በሽቃለች፤ እሱም ይህን ያውቃል፣ እሷን ለማስደሰት የሚለው ነገር ሁሉ መልሶ ያናድዳታል። ሻይ አፍልቶ ይሰጣታል፤ እውነት ሻይ መስጠት ፈልገህ ነው ትለዋለች። ልጆቹ ቤቱ ውስጥ በጣታቸው ጫፍ መሄድ ጀመሩ።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ወራት አለፉ። አንድ ምሽት ሁለቱ ብቻ እራት ቀርበዋል። ልጆቹ የሉም። እሷ አዲሶቹን ሹፌሮች ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት ስታስተምር ውላ ድምጿ ዘግቷል፤ ሩዝና ምስር ሠርታ አቀረበች። ባሏ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠ። ግንባሩ አልቦታል።

«ሩዝ አልወድም» አለ።

አፈጠጠችበት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

ሩዝ በሳምንት ውስጥ የማይቀርበት ጊዜ አልነበረም። አንድም ቀን ሳህኑን ሳያጠራ ተነስቶ አያውቅም። እትዬ ፍሬን ፊቷ ቀላ፣ ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። ሳህኑን ከፊቱ ነጥቃ አነሳችው፤ ባሏ ሳያስበው ወደ ኋላ ሸሸ አለ። ወጥ ቤት ገብታ ዳቦ ቆረጠች፣ አይብ ጨመረችበት፣ ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጋ አስቀመጠችለት። ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለችው።

ዳቦውን ሊጎርስ አንስቶ ነበር፤ መልሶ አስቀመጠው። የሳሎኑን መጋረጃ አልወድም አለ፤ ቀለሙ ይረብሸኛል። እሺ፣ ሌላስ? እህትሽ ስትመጣ ብዙ ትቆያለች፤ ያደክመኛል። ሌላስ? አሰልጣኝ የሆንሽ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፣ ግን ትንሽ ቀንቼብሻለሁ፤ ለእኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም።

እያንዳንዱ ቃል እንደ ጥፊ ነው የሚያርፍባት። ምስሩ ቀዝቅዞ ተጋግሯል። ባሏ በቃኝ ለማለት ዓይኑን ወደ በሩ ሲወረውር እጁን በጠረጴዛው ላይ አጥብቃ ያዘችው፣ እንዳይነሳ።

«ቀጥል» አለችው።